ሀይላንደር ይህን ካራቫን ይጎትታል? ለመጀመሪያ ጉዟችን ምን እናዘጋጅ?

አባ ሦስት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ለሁላችሁ። ያገለገለ ባለ 20 ጫማ ካራቫን ገዝተናል። ባዶውን 3,300 ፓውንድ ይመዝናል፤ ከነጭነቱ እስከ 4,300 ይፈቀዳል። መኪናችን ቪ6 ቶዮታ ሀይላንደር ነው፣ መመሪያው እስከ 5,000 ፓውንድ ይጎትታል ይላል። ባልና ሚስት ከሦስት ልጆች ጋር ነን። ለሦስት ሌሊት እዚሁ ሜሪላንድ ወዳለው ኤልክ ኔክ ስቴት ፓርክ ለመሄድ አስበናል። የኤሌክትሪክ ምጣድና የቡና ዕቃም መያዝ እንፈልጋለን። ከመነሳታችን በፊት ምን ምን እናረጋግጥ? የምታውቁ በዝርዝር ብትነግሩን ትልቅ ውለታ ነው።

ታኮ

እንኳን ደስ አላችሁ ወንድሜ። ይጎትታል፤ ነገር ግን 5,000 የሚለውን ቁጥር ለጊዜው ተወው፣ ቀድሞ የሚያልቅብህ እሱ አይደለም። የሹፌሩን በር ከፍተህ ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብብ። ሰውና ዕቃ ተደምሮ ከዚህ መብለጥ የለበትም የሚል ቁጥር አለ። ከመኪና መኪና ስለሚለያይ የራስህን ነው የምታየው፤ ለስሌት 1,400 ፓውንድ ነው እንበል።

የካራቫኑ ፊት ሂቹ (ከመኪናው ኋላ ያለው መጎተቻ) ላይ የሚጥለው ክብደት፣ ታንግ ዌት የሚባለው፣ ከዚሁ ላይ ይቀነሳል። ይህ ክብደት ከካራቫኑ ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ መሆን አለበት። ካራቫኑ ተጭኖ 4,000 ቢደርስ በ12.5 በመቶ 500 ፓውንድ ይሆናል፤ የሀይላንደር ሂች ጣሪያም 500 ነው። አምስታችሁ 620፣ መኪናው ውስጥ የሚጫን ዕቃ 200፣ የሂቹ ብረት 70 ብንል ድምሩ 1,390 ይመጣል። ለመጎተት ገና 1,000 ፓውንድ ይቀራል፣ መኪናው ግን ሞልቷል።

ስለዚህ የካራቫኑን ውሃ ባዶ አድርገህ ንዳ። 40 ጋሎን ውሃ ብቻውን 330 ፓውንድ ገደማ ነው፤ እዚያው ደርሰህ ትሞላለህ። ከባዱን ዕቃ ካራቫኑ ውስጥ ከጎማዎቹ በላይና ትንሽ ወደ ፊት አድርገህ ወለሉ ላይ አስቀምጥ። ታንግ ዌቱ በዛ ብለህ ዕቃውን ወደ ኋላ ጫፍ እንዳታሸሽ፣ የልጆቹን ብስክሌትም ከኋላ እንዳታንጠለጥል። ፊቱ ከ10 በመቶ በታች ሲቀልል ካራቫኑ አውራ ጎዳና ላይ ግራ ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል፤ መኪና የሚገለብጠው ይኸው ነው። ከወዛወዘህ የመኪናውን ፍሬን አትርገጥ። ነዳጁን ልቀቅ፣ መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ የካራቫኑን ፍሬን ብቻ በእጅ መቆጣጠሪያው ቀስ እያልክ ጨብጥ። ቆመህ ጭነቱን ሳታስተካክል ደግሞ አትቀጥል።

መቆጣጠሪያው ከፋብሪካ አብሮ ስለማይመጣ ባለ 7 ፒን የኤሌክትሪክ መስመርና የካራቫን ፍሬን መቆጣጠሪያ ማስገጠም የግድ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ከ3,000 ፓውንድ በላይ የሆነ ተጎታች የራሱ ፍሬን ሊኖረው ሕጉ ያዛል። ከመነሳትህ በፊት ሁሉንም ጭነህ፣ ልጆቹንም አሳፍረህ፣ ከባድ መኪኖች የሚሞሉበት ማደያ ያለው ሚዛን ላይ ውጣ። ከ20 ዶላር በታች ነው፤ ከግምት ያወጣሃል።

የሩት አባት

ታኮ ያልነካው ጎማውንና ማያያዣውን ነው፣ እኔ እሱን ልጨምር።

ያገለገለ ካራቫን ጎማው ጥርሱ ሙሉ ሆኖም ያረጀ ሊሆን ይችላል፤ ቆሞ ነው የሚያረጀው። ጎኑ ላይ ዲኦቲ ከሚለው መጨረሻ ያሉትን አራት አሃዞች እይ። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ስድስት ዓመት ያለፈውን ሳታቅማማ ቀይር። ንፋሱን ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ፣ ካራቫኑ ላይ በተለጠፈው ልክ ሙላ። ንፋስ ያነሰው ጎማ ሲሄድ ይግላል፣ ሲግል ይፈነዳል፣ ሲፈነዳ ደግሞ የካራቫኑን ወለል ይዞ ነው የሚቀደደው። ብዙዎቹ የካራቫን ጎማዎች ከ65 ማይል በላይ እንዲነዱ አልተሠሩም፤ 60 ላይ ያዘው። የጎማውን ዳዶዎች በቶርክ ቁልፍ አጥብቀህ ከ10፣ ከ25 እና ከ50 ማይል በኋላ እንደገና ፈትሽ፣ በተለይ ጎማ ከተቀየረ። ጎማው ሲፈታ የቤሪንጉ ግራሶ መቼ እንደተቀየረ ካልታወቀ አብሮ ይታደስ።

የሂቹ ኳስ መጠን ኳሱን በሚይዘው የካራቫኑ አፍ ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጥ። 2 ኢንች ኳስ ለ2 ከ5/16 ኢንች በተሠራ አፍ ውስጥ የገባ ይመስላል፤ የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ግን ይዘላል። አፉን ቆልፈህ፣ ፒኑን ከተህ፣ የፊቱን ክሪክ ትንሽ ወደ ላይ አንሳው። የመኪናው ኋላ አብሮ ከተነሳ ይዟል። ኳሱ ብቻውን ከቀረ አልያዘም፣ ከመጀመሪያው ጀምር። ሰንሰለቶቹን ከሥር አጠላልፈህ እሰር። ካራቫኑ ቢላቀቅ ፍሬኑን የሚይዘውን ቀጭን ሽቦ ግን ከሰንሰለቱ ጋር ሳይሆን ለብቻው መኪናው ላይ አስረው።

እትዬ ጥሩወርቅ፣ ባልቲሞር

ልጆቼ፣ መንገዱን ማንም አላነሳም! ጂፒኤሱ በ95 አውራ ጎዳና ባልቲሞር ወዳለው ፎርት መክሄንሪ ዋሻ ይመራችኋል። እዚያ በአንድ ሲሊንደር ከ10 ፓውንድ በላይ ፕሮፔን ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ የሃርበሩ ዋሻም እንዲሁ። የካራቫን ሲሊንደር አብዛኛውን ጊዜ ባለ 20 ነው። ቧንቧውን መዝጋት ብቻውን አያሳልፍም። ድሮ ጋዝ የያዘ በኪ ብሪጅ ይዞር ነበር፤ ድልድዩ መጋቢት መጨረሻ 2024 መርከብ ገጭቶት ወደቀ። አሁን ከ95 ከተማዋን ወደሚዞረው 695 ገብታችሁ በምዕራብ በኩል፣ በታውሰን፣ ዞራችሁ ሰሜን ምሥራቅ ላይ እንደገና 95ን ያዙ።

ስለ ቡናው ደግሞ አንድ ነገር አደራ። ከሰል ካራቫን ውስጥ አይቀጣጠልም፣ የተቀጣጠለም አይገባም። መስኮት ቢከፈት፣ በር ቢከፈት፣ ዝናብ ቢዘንብ፣ አይገባም። ቤቱ ጠባብ ነው፤ የከሰል ጋዝ ሽታ ስለሌለው ተኝተው የቀሩ ቤተሰቦች አሉ። ቡናውን ውጭ ቁሉት፣ እጣኑም ውጭ ይጢስ። የጭስና የካርቦን ሞኖክሳይድ ደወሉ ጮኸ ብላችሁ ባትሪውን እንዳታወጡ። ደወሉም ዕድሜ አለው፤ ጀርባው ላይ ያለውን ቀን እዩና ካለፈ ቀይሩ።

ኤሌክትሪሻኑ

ኤልክ ኔክ ውስጥ ሁሉም ሳይት (የካራቫን ማቆሚያ ቦታ) ኤሌክትሪክ የለውም፤ የያዝከው እንዳለው አረጋግጥ። ባለ 30 አምፕ መስመር ማለት በ120 ቮልት 3,600 ዋት ነው። 1,500 ዋት ምጣድ 12.5 አምፕ ይወስዳል፣ የጣሪያው ኤሲ 13 ገደማ፣ ውሃ ማሞቂያው በኤሌክትሪክ ከሆነ 12 ገደማ። ሦስቱ አብረው ከሠሩ ብሬከሩ ይወርዳል። ስትጋግሩ ማሞቂያውን ወደ ጋዝ አዙሩት፤ የተሻለው ግን እንጀራውን እቤት ጋግሮ መሄድ ነው። ማሞቂያው ውሃ ሳይሞላ በኤሌክትሪክ ከተከፈተ ወዲያው ይቃጠላል፤ መጀመሪያ የሞቀ ውሃው ቧንቧ ሳይንተፋተፍ መፍሰሱን እይ። ስትሰካ የሳይቱን ብሬከር አጥፋ፣ ሰርጅ ፕሮቴክተሩን (ከመብራት መዛባት የሚከላከለውን) ሰክተህ አብራ፣ መስመሩ ደህና መሆኑን ካሳየህ በኋላ አጥፍተህ ካራቫኑን አገናኝ።

አባ ሦስት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በተለይ እትዬ ስለ ዋሻው። ስለ ሽንት ቤቱና ስለ ውሃውስ?

የሩት አባት

የውሃ ጎማው ለመጠጥ የተሠራው ነጩ ይሁን፤ የሳይቱ ቧንቧ ላይ መጀመሪያ የግፊት መቀነሻ ግጠም፣ ከ40 እስከ 50 ፒኤስአይ። ታንኩን አስቀድመህ ለእያንዳንዱ 15 ጋሎን ሩብ ኩባያ ሽታ የሌለው በረኪና በውሃ በጥብጠህ ጨምር፤ ሁሉንም ቧንቧ እስኪሸት ከፍተህ አሳድርና ሽታው እስኪጠፋ እጠበው።

የሽንት ቤቱን ታንክ ቫልቭ ሳይት ላይ ከፍተህ አትተው። ውሃው ይሄድና ደረቁ ተቆልሎ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ የሚያስለቅቀው የለም። ገና ስትጀምር ጥቂት ጋሎን ውሃ ጨምርበት፣ ቫልቩን ዝጋ፣ ሁለት ሦስተኛ ሲሞላ መድፊያው ጋ ሂድ። መጀመሪያ ጥቁሩን ታንክ (የሽንት ቤቱን)፣ ቀጥሎ የዕቃ ማጠቢያውን ድፋ፤ ሁለተኛው ቱቦውን ያጥብልሃል። ጓንት አትርሳ። የወጥ ድስት ከመታጠቡ በፊት ቅባቱ በወረቀት ይጠረግ፤ በሞቀ ቀን ታንኩን የሚያሸተው እሱ ነው።

ታኮ

አንድ ቀረ። ስትደርስ ቅደም ተከተሉን አታዛባ፦ መጀመሪያ ግራና ቀኙን በመደገፊያ አስተካክል፣ ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በታኮ ያዝ፣ ከዚያ ብቻ ከመኪናው ፍታ። ፊትና ኋላውን በክሪኩ ካስተካከልክ በኋላ የማዕዘን እግሮቹን አውርድ፤ እነሱ እንዳይነቃነቅ እንጂ ለማንሳት አልተሠሩም፣ ይጣመማሉ። ወደ ኋላ መንዳቱን ባዶ ፓርኪንግ ላይ አስቀድመህ ተለማመድ። እጅህን የመሪው ታችኛው ጫፍ ላይ አድርግ፤ እጅህ ወደ ሄደበት የካራቫኑ ኋላ ይሄዳል። ባለቤትህ ከኋላ ቆማ ትምራህ፣ በመስታወቱ ስታጣት ግን ወዲያው ቁም።