የወር አበባዬ ገና አልቆመም፤ የሆርሞን ሕክምና ልጀምር?

48 ዓመቴ ነው። የወር አበባዬ ካለፈው ዓመት ጀምሮ እንዳሻው ሆኗል። አንዴ ሁለት ወር ይጠፋል፣ አንዴ በሦስተኛው ሳምንት ከች ይላል።

እሱስ ይሁን። ያስቸገረኝ ሌሊቱ ነው። ከደረቴ የሚነሳ ወላፈን አንገቴንና ፊቴን ያጋየዋል፣ ወዲያው ላብ በላብ እሆናለሁ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ብርድ ያንቀጠቅጠኛል። የትራስ ጨርቅ ሳልቀይር የማድርበት ሌሊት ጥቂት ነው። ባለቤቴ ብርድ ልብሱን ይዞ ሌላ ክፍል ገብቷል (አልፈርድበትም)።

ከሰዓት በኋላ ቡና ተውኩ፣ ስስ ጥጥ ለብሼ መስኮት ከፍቼ እተኛለሁ። ሙቀቱ ቀለል አለ፤ እንቅልፌ ግን አልተመለሰም።

የታይሮይድና የደም ማነስ ምርመራዬ ደህና ነው። ወደ ማረጥ ሲቃረቡ ከፍ የሚለው ኤፍኤስኤች የሚባል ሆርሞን መጀመሪያ ከፍ ብሎ ነበር፣ በሌላ ጊዜ ሲለካ ወርዶ ተገኘ። አንዱ ሐኪም በዚህ ዕድሜ ቁጥሩ ይዋዥቃል፣ ወደ ማረጥ መቃረብሽን ለማወቅ ምልክቶቹ ይበቃሉ አለኝ። ሌላዋ ደግሞ የወር አበባሽ 12 ወር ሙሉ ካልቆመ አርጠሻል አይባልም፣ እስከዚያ ጠብቂ አለችኝ።

ማህፀኔ አልወጣም። የደም ግፊት፣ የደም መርጋትም ሆነ የጡት ካንሰር ኖሮብኝ አያውቅም። አላጨስም።

የምታውቁ ንገሩኝ፤ የወር አበባ እየመጣ የሆርሞን ሕክምና መጀመር ይቻላል ወይስ የግድ 12ቱን ወር መጠበቅ አለብኝ?