አልፎ አልፎ የሚጫወት ሰው አዲስ ኮንሶል ምን አይቶ ይገዛል?

ጠያቂው፦ ጌም ላይ ስለሚያድሩት አይደለም የማወራው። በሳምንት አንዴ ከተጫወተ የሚበቃውን ሰው አዲስ ኮንሶል፣ ማለትም ቲቪ ላይ የሚሰካ የጌም ማሽን፣ የሚያስገዛው ምንድን ነው? እኔ ዋጋ ነው ባይ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2006 የኔንቴንዶ ዊ አሜሪካ ውስጥ በ250 ዶላር ወጣ። የተፎካካሪው የሶኒ ፕሌይስቴሽን 3 ርካሹ 500 ነበር። ዊ ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። አለቀ።

ጆይስቲክ፦ ኧረ አላለቀም! ዋጋ ብቻ ቢሆን ጌምኪዩብ የት በደረሰ። ያውም የዚያው የኔንቴንዶ ነው። በ2001 በ200 ዶላር ሲወጣ ፕሌይስቴሽን 2 ገና 300 ነበር። ሽያጩ ግን 22 ሚሊዮን እንኳ አልሞላም። ዊን ያሸጠው ሪሞቱ ነው። የተለመደውን ኮንትሮለር ጌም ለማያውቅ ሰው ስጠው፤ የቱን ቁልፍ እንደሚጫን ግራ ገብቶት ይመልስልሃል። በዊ ቴኒስ ለመጫወት ግን እጅን መወዝወዝ ነው። ቆሞ የሚያየው ሰው ሳይነገረው ይገባዋል። "እስቲ እኔም ልሞክር" ይላል። ከጃፓንና ከደቡብ ኮሪያ በስተቀር ደግሞ ዊ ስፖርትስ የሚባለው ጌም አብሮ ይመጣ ስለነበር፣ ለመጀመር ሌላ ጌም መግዛት አያስፈልግም።

ፒክስል፦ ግራፊክሱስ? ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጥራቱን ነው።

ጆይስቲክ፦ ዊ እኮ ኤችዲ እንኳ አልነበረም።

ታዛቢ፦ ሁላችሁም ጌሙ ላይ ሙጭጭ አላችሁ። ፕሌይስቴሽን 2 ዲቪዲም ያጫውት ነበር። ዲቪዲ ማጫወቻ መግዛቴ ካልቀረ ጌምም ይኑረኝ ያለው ሰው ቀላል አይመስለኝም። ደግሞ አዲስ ኮንትሮለር ገዢ የሚጠራ ከሆነ ዊን የተካው ዊ ዩ ምን ነካው? በ2012 ስክሪን ያለው ኮንትሮለር ይዞ መጣ፤ 14 ሚሊዮን ሳይሞላ ቀረ።

ጆይስቲክ፦ እሱማ ታይቶ የሚገባ ነገር አልነበረም። ስክሪኑን የሚያየው የያዘው ሰው ነው፤ አጠገቡ ያለው በምን ይቅና? ስሙም ጣጣ ነበረበት፤ ለድሮው ዊ የሚገጠም ተጨማሪ ዕቃ የመሰለው ሰው ብዙ ነው። ኪኔክትን ተመልከት፤ የማይክሮሶፍት ኮንሶል ኤክስቦክስ ላይ የሚገጠም፣ የሰውነት እንቅስቃሴን የሚያይ ካሜራ ነው። በ2010 ሲወጣ በ60 ቀን 8 ሚሊዮን ተሸጧል። ከፊቱ ቆሞ መዝለል ነው፤ በቃ።

ጠያቂው፦ ጥሩ አመጣኸው! በ2013 ኪኔክት ከኤክስቦክስ ዋን ጋር በግድ ሲሸጥ ዋጋው 500 ዶላር ሆነ። ፕሌይስቴሽን 4 በ400 ወጥቶ ቀደመው። በሚቀጥለው ዓመት ማይክሮሶፍት ኪኔክቱን አስቀርቶ እሱም 400 አለ። ታዲያ ይሄ ዋጋ አይደለም?

ጆይስቲክ፦ ዋጋው የመጣውን ገዢ መለሰው። ገዢውን ያመጣው ግን ዋጋ አይደለም።

ታዛቢ፦ ስልኩንስ ምን ልታደርጉት ነው? እንዲህ ዓይነቱ ሰው ዛሬ ጌሙ ኪሱ ውስጥ ነው፤ ያውም በነፃ።

ጆይስቲክ፦ ስልክ አብዛኛውን ጊዜ ለብቻ ነው። በ2017 የመጣው የኔንቴንዶ ስዊች ላይ ግን ጎንና ጎኑ የተሰኩትን ሁለት ትናንሽ ኮንትሮለሮች፣ ጆይኮኖቹን፣ ትነቅልና አንዱን ለጓደኛህ ትሰጠዋለህ። ጨዋታው ወዲያው ለሁለት ሆነ።

ፒክስል፦ ጓደኛው ካልመጣስ?

ጆይስቲክ፦ ያኔ ስልኩን ያውጣ።