ክለብ «ተራ ሰው» ይሸልም ወይስ አይሸልም?

የአራዳው፦
ትናንት ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ላይ የሰማሁት ነገር እስካሁን ከሆዴ አልወጣም። አንድ አድማጭ ደወለና ክለቦቻችን ከጨዋታ በፊት ለሰፈራቸው የለፉ ሰዎችን፣ ደም የሚለግሱትን፣ ጧሪ ያጡ ሽማግሌዎችን የሚያበሉትን ሜዳ አስገብተው ቢያከብሩ ምን አለበት አለ። ጋዜጠኛው ምን ቢል ጥሩ ነው፣ «ስታዲየም የስፖርተኛ ነው፣ ተራ ሰው እየጠራን ሜዳሊያ ማጥለቅ ከጀመርን ማብቂያ የለውም»። ተራ ሰው! እኔ የጊዮርጊስ ልጅ ነኝ፣ ክለቤን በ1928 አራዳ ላይ ያቆሙት የሰፈር ልጆች ናቸው፣ ያኔ ማን ያውቃቸው ነበር? ተራ ሰው ያቆመው ክለብ ተራ ሰው አያከብርም እያለን ነው እኮ።

ቡናማው ልብ፦
ቃሉ ደስ አይልም፣ ሀሳቡ ግን ልክ ነው። ለዚህ ስራ የበጎ ሰው ሽልማት አለላችሁ፣ ከ2005 ጀምሮ በዘርፍ በዘርፉ አጣርቶ የሚሸልም። ክለብ ኳሱን ይጫወት። ተጫዋች ደሞዝ ዘግይቶብኝ ልምምድ አልገባም እያለ በሚያምጽበት አገር የምን ሽልማት ነው።

የአራዳው፦
ሽልማትና ማክበር አንድ አይደለም። ስም ጠርቶ ማጨብጨብ ስንት ብር ይፈጃል? ደግሞ «ቃሉ ደስ አይልም» ብለህ አትለፈው፣ ሀሳቡ ያለው ቃሉ ውስጥ ነው።

ቦስተን ያለሁት፦
እኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሴልቲክስ፣ የባስኬት ክለቡ፣ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ «ሂሮስ አመንግ አስ» የሚሉት ፕሮግራም አላቸው፣ በመካከላችን ያሉ ጀግኖች እንደማለት ነው። ሜዳቸው ላይ ሲጫወቱ ታይምአውት፣ አጭር የጨዋታ ዕረፍት፣ ይጠራና ለአካባቢው ትልቅ ነገር ያደረገ ሰው መሀል ሜዳ ይገባል፣ ስራው ይነገራል፣ ጋርደን፣ የሚጫወቱበት አዳራሽ፣ ሙሉ ሰው ብድግ ይላል። እኔ የገባሁ ቀን አንዲት ጠና ያለች ሴትዮ ነበረች፣ እውነቱን ለመናገር ምን እንዳደረገች ረስቼዋለሁ፣ ፊቷን ግን መቼም አልረሳውም። ጨዋታውን ማን እንዳሸነፈም አላስታውስም።

ቡናማው ልብ፦
ያዙልኝ! «ምን እንዳደረገች ረስቼዋለሁ»። በቃ ክርክሩ አለቀ። ፊቷን አስታወስክ ስራዋን ረሳህ፣ ስለዚህ የተከበረው የአንተ ስሜት ነው፣ እሷ አይደለችም።

ቦስተን ያለሁት፦
ከስንት ዓመት በፊት ነው እኮ ወንድሜ። አንተ የዛሬ አስር ዓመት ያየኸውን ጎል ማን እንዳገባው ታስታውሳለህ?

ቡናማው ልብ፦
የቡናን አዎ። በየትኛው እግር እንደተመታም።

የሜሪላንዱ፦
የአሜሪካውን ነገር ስታወሩ ሙሉውን አውሩ። እ.ኤ.አ. በ2015 ሴናተር ማኬይንና ሴናተር ፍሌክ ያወጡትን ሪፖርት አንብቡ። ስታዲየም ውስጥ ወታደር ሜዳ ወጥቶ ሲጨበጨብለት እኛ ክለቡ ከልቡ ያደረገው መስሎን እጃችን እስኪቀላ አጨበጨብን፣ ለካ መከላከያ ሚኒስቴሩ ለክለቦቹ ከፍሎ ነው። 6.8 ሚሊዮን ዶላር፣ 50 ለሚሆኑ ክለቦች። የአሜሪካ ፉትቦሉ ሊግ በዓመቱ ከ720 ሺህ ዶላር በላይ መልሷል። ክብር ሲሸጥ ማለት ይሄ ነው። ክለቦቻችን ብዙዎቹ የከተማ አስተዳደር በጀት ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው፣ ነገ ማን ሜዳ እንደሚገባ የሚወስነው ማን ይመስላችኋል? ካድሬ ነው የምናጨበጭበው።

ቦስተን ያለሁት፦
እሱ የወታደር ውል ነው፣ እኔ የማወራው ሌላ ነው። አንዱ ስለሸጠው ሁሉም ሸቀጥ ነው አይባልም።

የሜሪላንዱ፦
ምን እንዳደረገች ስለረሳሃት ሴትዮ ነው እንዴ የምታወራው?

የአራዳው፦
ይህቺን ቃል ተዉለት በናታችሁ። የካድሬው ነገር ግን እውነት ያስፈራል፣ አልክድም። መፍትሔው ደጋፊው ራሱ መምረጡ ነው፣ የደጋፊ ማኅበር ምን ሊሰራ ነው ያለው?

ቡናማው ልብ፦
ደጋፊ ሲመርጥማ የጊዮርጊስ ጀግና የቡና ጠላት ይሆናል፣ ደርቢ ላይ ደም የለገሰውን ሰው ሊሰድቡት። እኛንም ጨምሬ ነው የምለው።

እሙ ሐናን፦
ሴት ልጅም ትናገር እስቲ። እኔ ጅማ ነኝ፣ የጎረቤታችን እናት ሰፈር ውስጥ ሴት በሞተች ቁጥር የምታጥብ እሷ ናት፣ ከ30 ዓመት በላይ፣ ሌሊትም ቢሆን ዝናብም ቢሆን። አንድ ብር ተቀብላ አታውቅም። ስታዲየም ውስጥ ስሟን ቢጠሩት በድንጋጤ ትወድቃለች። በኛም በእናንተም ቀኝ የሰጠውን ግራ አይወቅ ነው የሚባለው። ያ ሁሉ ሰው ፊት ከወጣ ምንዳው ምን ሊቀረው ነው? ተራ ሰው መባሉ አይደለም የሚያሳስበኝ፣ ተራ ሆኖ ለመቅረት የፈለገውን ሰው ማውጣታችሁ ነው።

የአራዳው፦
እህቴ አከብርሻለሁ፣ ግን አንቺ ራስሽ አሁን ለስንት ሰው ነገርሽን? ልጆቻችን እሷን ካልሰሙ ማንን ሊሰሙ ነው? ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1972 ከግሸን ማርያም ሲመለሱ ከረሃቡ መሀል ሁለት ሕጻናት ይዘው የመጡ ጊዜ ያ ጋዜጠኛ ቢያያቸው ተራ ሴትዮ ነበር የሚላቸው። 2013 ላይ ሲያርፉ ደግሞ አገር አለቀሰ። ተራ የሚባል ሰው የለም፣ ገና ያላወቅነው ሰው ነው ያለው።

እሙ ሐናን፦
ለናንተ ስሟን አልነገርኩም። ልዩነቱ እሱ ነው።

የሐይቁ ዳር፦
እኔ የሚገርመኝ ማንም ዋናውን ጉዳይ አላነሳም። የሰፈር ጀግና የሚከበረው የቱ ሜዳ ላይ ነው? ከ2013 ወዲህ ሊጉ በዲኤስቲቪ ይተላለፍ ተብሎ ክለቦቹ በተመረጡ ከተሞች ተሰብስበው ነው የሚጫወቱት፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ አዳማ እየተባለ። እኛ የሀዋሳ ልጆች ክለባችንን በቲቪ ነው የምናየው፣ እዚሁ ሲመጡ ካልሆነ በቀር። የሀዋሳን አዋላጅ አዳማ ወስደህ ባዶ ወንበር ፊት ልታቆማት ነው? ቦስተን ያለው ወንድሜ የነገረን የሚሰራው ክለቡ ቤቱ ስለሚጫወት ነው፣ የሚያጨበጭበው ሰው ጎረቤቷ ስለሆነ። መጀመሪያ ክለቡን ወደ ቤቱ መልሱልን።

ቦስተን ያለሁት፦
ይሄን ነጥብ አላሰብኩትም ነበር። ትክክል ነህ።

ቡናማው ልብ፦
ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያው ትክክል የሆነ ሰው። የቀይ መስቀል ልጆች ቃሬዛ ይዘው በፀሐይ 90 ደቂቃ ይቀመጣሉ፣ እነሱ እንኳ በየከተማው አሉ፣ እነሱን አመስግኑ ብትሉ ይገባኛል።

የአራዳው፦
ታዲያ እነሱ ምንድናቸው፣ ተጫዋች ናቸው? አንተ ራስህ አሁን ተራ ሰው ይመስገን አልክ እኮ!

ቡናማው ልብ፦
እነሱ ሜዳው ውስጥ የሚሰሩ ናቸው። ቃል አታጣምም።

የአራዳው፦
ጋዜጠኛው «የስፖርተኛ» ነው ያለው። ቃሬዛ መሸከም ስፖርት ነው?

የሜሪላንዱ፦
እኛ ዳያስፖራዎቹም እንዳንመጻደቅ፣ በሰሜን አሜሪካ ያለው የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽናችን እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በየጁላዩ ኳስ ያጫውታል፣ የክብር እንግዳም ይጠራል፣ ማን ይጠራ በሚለው ስንት ወዳጅ ተኮራርፏል። እ.ኤ.አ. 2012 ላይ ለሁለት ተከፍለን አንዱ ዳላስ አንዱ ዲሲ አርኤፍኬ ስታዲየም በአንድ ሰሞን ሁለት በዓል አደረግን። ሰው ማክበር እንዲህ ቀላል ቢሆን እኛ እናውቅበት ነበር።

ቦስተን ያለሁት፦
የተከፈልነው በክብር እንግዳ ብቻ አይደለም፣ ገንዘብም ነበረበት፣ ፖለቲካም ነበረበት። ያንን ቁስል እዚህ አትክፈተው።

የሜሪላንዱ፦
ያልተዘጋ ነገር አይከፈትም።

የፕሮጀክት ልጅ፦
ሁላችሁም ስለማታውቁት ሰው ነው የምትከራከሩት፣ እኔ የማውቀውን ላውራ። እኔን ያሰለጠነኝ ሰው የሰፈር ፕሮጀክት፣ የታዳጊዎች ኳስ ማሰልጠኛ ማለት ነው፣ አሰልጣኝ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ሜዳ ላይ ነው፣ ኳሱን በራሱ ብር ይገዛል፣ ጫማ የሌለውን ልጅ ከሌላው ጋር ጫማ እያቀያየረ ያጫውታል። ከኛ ውስጥ ሁለት ልጆች ትልቅ ክለብ ገቡ፣ የክለቡን ስም አልጠራም። ክለቡ ልጆቹን ወሰደ፣ ለሰውዬው አንድ ኳስ አልሰጠውም፣ ስልክ እንኳ አልደወለለትም። አሁን ይሄ ክለብ ጠርቶት ሜዳሊያ ቢያጠልቅለት እኔ ነኝ ቀድሜ የምጮኸው። ሜዳሊያ ሳይሆን ዕዳ ነው ያለባቸው። ፊፋ እንኳ ተጫዋች ከአገር አገር ሲሸጥ ከዝውውሩ ብር 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሰለጠኑት ክለቦች ይከፋፈል ይላል። የኛ ሰውዬ ግን የተመዘገበ ክለብ የለውም፣ ፕሮጀክት ነው፣ ወረቀት ላይ የለም። ተራ ማለት እንደዚህ ነው፣ ስትወስድበት የሚያስከፍልህ የሌለው ሰው።

ቡናማው ልብ፦
ይሄንን ነበር ማለት የፈለግኩት።

የአራዳው፦
አልነበረም! አንተ ክለብ ኳሱን ይጫወት ነው ያልከው፣ እሱ ክለብ ዕዳውን ይክፈል ነው ያለው። ደግሞ ማን ነው አንዱን ከሌላው ያጣላው፣ ይክፈሉትም ይጥሩትም።

የፕሮጀክት ልጅ፦
ሲጠሩት መክፈሉ ይረሳል። ፎቶ ከተነሱ በኋላ ማን ይጠይቃቸዋል?

እሙ ሐናን፦
ሰውዬውን ጠይቀኸዋል? እኛ እዚህ በሱ ስም ስንጣላ።

የፕሮጀክት ልጅ፦
እሺ እደውልለታለሁ።

የሐይቁ ዳር፦
እስከዚያ ስለ ሜዳው የምትሉት ነገር አለ? ማንም አልመለሰልኝም።

የአራዳው፦
ሜዳ በሌለበት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥም ይቻላል፣ ተጫዋቾቹ ሰፈር ድረስ ይሂዱ። ማን በካሜራ ፊት ይሁን አለ?

የሐይቁ ዳር፦
አንተ! የተነሳው ጉዳይ ስታዲየም ነው፣ ሬዲዮ ላይ የሰማኸውም እሱን ነው።

የፕሮጀክት ልጅ፦
ደወልኩለት። ነገሩን ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ዝም አለ፣ ከዚያ «ብሩ ይቅር፣ ልጆቹ ኢንተርቪው ሲሰጡ ከየት ሰፈር እንደመጡ፣ ማን እንዳሰለጠናቸው ቢናገሩ ደስ ይለኝ ነበር» አለኝ። አንዴም አልጠሩኝም አለ። እኔ ይሄን አልጠበቅኩም። አሁንም ግን መክፈል አለባቸው ነው የምለው፣ እሱ ይቅር ስላለ አይቀርም።

የአራዳው፦
ስሙ እንዲጠራ ነው የፈለገው! ከጠዋት ጀምሮ የምለው ይሄ አይደል እንዴ።

ቡናማው ልብ፦
በልጆቹ አፍ ነው ያለው፣ በክለቡ ማይክራፎን አላለም። ሳይከፍሉት ስሙን የሚጠሩ ከሆነ እኔ ስታዲየም ብኖርም አላጨበጭብም።

የአራዳው፦
እኔ አጨበጭባለሁ። ለክለቡ አይደለም፣ ለሱ።

የሜሪላንዱ፦
ክለቡ ግን ለኔ ነው ብሎ ይወስደዋል።