የሞዴሉ ጠዋትና የአዲስ አበባ ጠዋት አልገናኝ አሉኝ

ሰላም ወገኖች። የአዲስ አበባን ደቃቅ ብናኝ፣ ማለትም ፒኤም 2.5ን፣ በናሳው መርራ-2፣ ማለትም የከባቢ አየርን ሁኔታ በኮምፒውተር በሚያሰላ ሞዴል፣ እያጠናሁ ነው። የብናኙን መጠን ለማግኘት ሞዴሉ ለየብቻ የሚሰጣቸውን አቧራውን፣ የባሕር ጨዉን፣ ጥቀርሻውን፣ ኦርጋኒክ ካርቦኑንና ሰልፌቱን ደምሬያለሁ። ሞዴሉ በዓለም አቀፉ ሰዓት (ዩቲሲ) ስለሚሠራ፣ 3 ሰዓት ጨምሬ ወደ እኛ ሰዓት አምጥቻለሁ።

የቸገረኝ ጠዋቱ ነው። ታክሲው ሲተራመስ፣ የከሰል ጭስ ከየግቢው ሲወጣ፣ መሬት ላይ ያለው መለኪያ ሽቅብ ይተኮሳል። የሞዴሉ መስመር ግን ንቅንቅ አይልም። ሞዴሉ ምድርን የሚከፋፍልበት አንዱ ሳጥን ጎኑ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ፣ መርካቶንና የእንጦጦን ጫካ አንድ ላይ ጠቅልሎ አማካይ ይሰጣል። ከደቃቅ ብናኝ ክፍሎች አንዱ የሆነው ናይትሬትም በሞዴሉ ውስጥ የለም።

በአንድ መለኪያ ብቻ ሞዴሉን ማረም ያስኬዳል? ወይስ ሰዓቱን ትቼ የቀን አማካይ ልያዝ? አስም ያለበት ልጅ ትምህርት ቤት የሚሄደው በዚያው ሰዓት ነውና ጠዋቱን መተው ከብዶኛል። በደጋ ከተሞች ላይ የሠራችሁ፣ እባካችሁ አንድ በሉኝ።