የጊት ማጣሪያዬ ባለሦስት ጥቅስ ጽሑፎችን እያበላሸ ነው
የቡድናችን የፓይተን ኮድ ገብ የሚለው በ4 ስፔስ ነው። እኔ ስፋቱን እንደ ዓይኔ ስለማስተካክለው ታብ እመርጣለሁ። የጋራውን ደንብ ላለመንካት የጊት (የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው መሣሪያ) ማጣሪያ አዘጋጀሁ፦ ፋይሉ ከጊት ወደ እኔ ማሽን ሲወጣ፣ ስመጅ በሚባለው የማጣሪያው ክፍል በኩል «አንኤክስፓንድ» የተባለው ትዕዛዝ ስፔሱን ታብ ያደርጋል፤ ሲመዘገብ ክሊን በሚባለው ክፍል በኩል «ኤክስፓንድ» ወደ ስፔስ ይመልሰዋል። መጀመሪያ የመስመር መሐሉንም ቀይሮ ነበር፤ የመስመሩን መጀመሪያ ብቻ እንዲነኩ የሚያደርጉትን «ፈርስት ኦንሊ» እና «ኢኒሻል» የሚሉ አማራጮች ስጨምር ተስተካከለ። ቅንፍ ውስጥ የተሰለፈውም ደህና ነው፤ 6 ስፔስ 1 ታብና 2 ስፔስ ሆኖ፣ ሲመለስ ያው 6 ነው።

የቀረው በሦስት ጥቅስ መካከል ያለ ባለብዙ መስመር ጽሑፍ ነው። እዚያ ስፔሱ የዳታው አካል ነው፤ ማጣሪያው ታብ ሲያደርገው ቴስቱ እኔ ማሽን ላይ ብቻ ይወድቃል። ሆን ተብሎ የገባ ታብ ካለማ ይብሳል፣ 4 ስፔስ ሆኖ ይመዘገባል። ኮዱን በየክፍሉ የሚለየውን የፓይተን «ቶከናይዝ» ሞጁል ተጠቅሞ ወይም በሌላ መንገድ፣ ማጣሪያው እነዚህን ጽሑፎች እንዲዘል እንዴት ላድርገው?