ጉልበቷን የሚያማትን እናቴን ይዤ ኒስኳሊ ብሄድ ይከብዳታል?

ሬንተን ያለችው፦
ሰላም ለሁላችሁ። እማዬ ከደብረ ብርሃን ከመጣች ሁለት ወሯ ነው። ቤት መዋል ሰልችቷታል። "እዚህ አገር ሰው የለም እንዴ?" እያለች መስኮት ላይ ትውላለች። አንዷ የስራ ባልደረባዬ እዚሁ ዋሽንግተን ስቴት፣ ኦሎምፒያ ከተማ ሳይደረስ፣ ኒስኳሊ የሚባል የዱር እንስሳት መጠለያ አለ፣ ወንዝ ዳር ዞሮ መነሻው ላይ የሚመልስ አጭር መንገድ አለው፣ ሜዳ ነው አለችኝ። እውነት ሜዳ ነው ወይስ የነሱ "ሜዳ" ነው? ባለፈው "ቀላል ነው" ብለውኝ ማውንት ሳይ የሚባል ተራራ ወጥቼ ሶስት ቀን ሙሉ ደረጃ መውረድ አቅቶኝ ነበር። የሁለት አመት ልጅም በጋሪ አለኝ። ውሻችንንስ መውሰድ ይቻላል? ደግሞ "የዱር እንስሳት" ስላት እማዬ ጅብ መስሏት ደንግጣለች።

የታኮማው፦
እህቴ አትስጊ፣ የእውነት ሜዳ ነው። መንገዱ ቱዊን ባርንስ (መንታ ጎተራዎች) ይባላል፣ ዙሩ 1 ማይል ነው፣ ማለትም 1.6 ኪሎ ሜትር። የሚኬደው በእንጨት ርብራብ ላይ ስለሆነ ጋሪም ዊልቸርም ይሄዳል። አይ-5 አውራ ጎዳናን ይዘሽ መውጫ 114 ላይ ትወጫለሽ። ውሻ አይፈቀድም፣ ቤት ተዪው። ሳይክልና ሩጫም ክልክል ነው። እኛ ስንሄድ መግቢያው 3 ዶላር ነበር። ሽንት ቤት መነሻው ላይ ስላለ እናትሽ እዛው ተጠቅመው ይግቡ። ዝናብ ከጣለ ግን እንጨቱ ያንሸራትታል፣ ጥሩ ሶል ያለው ጫማ አድርጊላቸው።

ባለጀበናዋ፦
ጅብ የለም፣ ጉጉት ግን አለ 😄 እኔ አክስቴን ወስጄ ከጎተራዎቹ አለፍ ብለን ሰዎች ካሜራ ደቅነው ዛፍ ላይ አንጋጠው አየን። ምንድነው ብለን ቀና ስንል አናቱ ላይ ቀንድ የመሰለ ላባ ያለው ትልቅ ጉጉት ቁልቁል ያየናል። አክስቴ አማተበች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ሳበች፣ "ይቺን ለማየት ነው ከቤቴ ያወጣሽኝ?" ብላ ፊቷን አዞረች። ፈረንጆቹ ደግሞ በደስታ ሊያለቅሱ ምንም አልቀራቸውም። ከዛ በኋላ ዳክዬውም፣ ዝይውም፣ ንስሩም አልዋጥላት አለ። እናትሽን ቀድመሽ አስጠንቅቂያቸው።

ሌላ ደግሞ፣ ከዙሩ ትንሽ ገባ ብሎ የኒስኳሊ ወንዝ የሚታይበት ቦታ አለ፣ እንዳያመልጥሽ። ውሃው የሚነሳው ከማውንት ሬይነር ተራራ በረዶ ነው።

እግረኛው፦
ይቅርታ፣ እኔ በዚህ አልስማማም። አጭሩ ዙር ለልጅ ነው። ዋናው ነገር ከዙሩ ተገንጥሎ ወደ ባህሩ የሚገባው ረጅሙ ርብራብ ነው። ደርሶ መልስ 4 ማይል ነው፣ እሱም ቢሆን ሜዳ። ድሮ ያ ሁሉ የእርሻ መሬት ነበር፣ የባህሩን ውሃ የሚያግድ ግድብ ነበረው፣ በ2009 አፍርሰውት 762 ኤከር መሬት ለባህሩ መለሱ። አሁን የባህሩ ውሃ በየቀኑ ሞልቶ ይጎድላል፤ ሙላት ሲሆን ውሃው ከእግርሽ ስር ይገባል፣ ሲጎድል ጭቃ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ የሙላቱን ሰዓት ሳታዪ አትሂጂ፣ ወፎቹ የሚቀርቡት ያኔ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር አካባቢ ግን የዳክዬ አደን ስላለ መጨረሻውን ይዘጉታል። አዎ፣ መጠለያ ውስጥ አደን፣ እኔም ገርሞኛል።

የመጠለያው ሙሉ ስም ላይ ያለው ቢሊ ፍራንክ ማን ነው ካላችሁ፣ ኒስኳሊ የሚባለው የነባር አሜሪካውያን ጎሳ ሰው ነው። አሳ የማጥመድ መብታቸውን ለማስከበር ከ50 ጊዜ በላይ ታስሯል። ቦታው በስሙ የተጠራው ካረፈ በኋላ በ2015 ነው።

የታኮማው፦
ወንድሜ፣ ጉልበቷን ያማታል እየተባልክ 4 ማይል ትላለህ? 😂

ሬንተን ያለችው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ደረስን፣ ፓርኪንጉ ገና ባዶ ነበር። አጭሩን ዙር ሁለት ሰዓት ሙሉ ፈጀንበት፣ ምክንያቱም እማዬ በየአስር እርምጃው ትቆማለች። ለወፉ እንዳይመስላችሁ፣ ከርብራቡ ዳር ሳማ አይታ ነው! "ይሄማ የኛው ሳማ ነው" ብላ በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ልትቀጥፍ ስትል እጇን ያዝኳት፣ እዚህ ቅጠል መቁረጥ ክልክል ነው ስላት "ሳማን? ማን ይፈልገዋል ብለው?" አለችኝ። እየተቃጠሉ ለቅመው በጾም እንዴት እንደሚሰሩት፣ በየትኛው ዓመት ጎረቤቱ ሁሉ ሳማ እንደበላ፣ እኔ ሰምቼው የማላውቀውን ታሪክ እስከ ወንዙ ድረስ አወራችኝ። ጉልበቷ ትዝም አላላት። ጉጉት አላየንም፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

እግረኛው፣ የሙላቱን ሰዓት የምታይበት አፕ የትኛው ነው? የፊታችን ቅዳሜ ካልሄድን እያለችኝ ነው።