ለግራኝ ጀማሪ የሚሆን ረከስ ያለ የሸክላ ተኩስ ጠመንጃ የምታውቁ?

ግራኙ ከሱሉልታ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ቤት ስለ ሾትጋን፣ ጥቃቅን እርሳስ በትኖ ስለሚተኩሰው ጠመንጃ፣ ሲወራ አይቼ አላውቅም፣ ቦታው ካልሆነ ይቅርታ፣ ግን የምጠይቀው ሰው አጣሁ። ዲቪ ደርሶኝ ሐምሌና ነሐሴን ሚኒሶታ ወንድሜ ጋ ገብቼ መጣሁ፣ አሁን ሱሉልታ ያለችኝን ነገር እየጨራረስኩ ነው፣ ጥር ላይ ጠቅልዬ እሄዳለሁ። እዛ እያለሁ ወንድሜ ቅዳሜ ቅዳሜ የሸክላ ተኩስ ይወስደኝ ነበር። ማሽን አለ፣ ሳህን የመሰለች ብርቱካንማ ነገር ወደ ሰማይ ይወነጭፋል፣ አንተ አየር ላይ እንዳለች ትመታታለህ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ የወደድኩት ነገር የለም እውነት ለመናገር። መጀመሪያ ቀን ከ25 አራት መታሁ፣ አራተኛዋ ጥቁር ጭስ ሆና ስትበተን አሁንም ማታ ስተኛ ትታየኛለች።

ችግሩ እኔ ግራኝ ነኝ። የወንድሜ ጠመንጃ ራሱ የሚያጎርስ አውቶማቲክ ነው፣ ቀለሁን በቀኝ በኩል ነው የሚተፋው፣ እኔ በግራ ትከሻዬ ስይዘው ትኩሱ ቀለህ በአፍንጫዬ ፊት ሽው ይላል፣ ጭሱም ወደ ፊቴ ይመጣል፣ በዛ ላይ ሰደፉ ጉንጬን እየመታ አበለዘው። ወንድሜ በቀኝ ልመድ አለኝ። አንደኛ ክፍል እያለሁ በግራ ስለጻፍኩ እጄን በማስመሪያ እየመቱ ወደ ቀኝ አዙረውኛል፣ ይኸው እስከዛሬ የጻፍኩትን ራሴም አላነበውም፣ ስለዚ አሁን በ34 ዓመቴ ያንን መድገም አልፈልግም። በጀቴ 600 ዶላር ነው ቢበዛ 700። ኢንተርኔት ላይ ለግራኝ ተብለው የተሰሩትን ሳይ ወይ የሉም ወይ ከአቅሜ በላይ ናቸው። ምን ልግዛ? የምታውቁ እባካችሁ።

ቡራዩ፦
ወንድሜ እንኳን ደስ ያለህ። እኔ አሁን ቡራዩ ነኝ፣ ግን ኤምሬትስ አንድ የተኩስ ክለብ ውስጥ 4 ዓመት ሰርቻለሁ። መጀመሪያ ስራዬ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ማሽኑ ላይ ሸክላ መደርደር ነበር፣ ሸክላ ትባላለች እንጂ ከቅጥራንና ከኖራ ድንጋይ ዱቄት ነው የምትሰራው፣ ስፋቷ 11 ሳንቲሜትር ክብደቷ 105 ግራም፣ ቀኑን ሙሉ ስትደረድር ውለህ ጣትህ ጠቁሮ ነው የምትወጣው። በኋላ ለጀማሪዎች ጠመንጃ ማቀበልና አሰልጣኙን ማገዝ ጀመርኩ፣ ስለዚ ያየሁትን ልንገርህ። እዛ አገር ይሄን ስፖርት እንዴት እንደሚያከብሩት ብታይ፣ ኤምሬትስ የመጀመሪያ የኦሎምፒክ ሜዳሊያዋን ያገኘችው በዚሁ ነው፣ 2004 አቴንስ ላይ ሼክ አህመድ ወርቅ ወስዶ።

ጠመንጃ ከመግዛትህ በፊት የትኛው አይንህ እንደሚመራ እወቅ። ሾትጋን እንደ ክላሽ የኋላ ማነጣጠሪያ የለውም፣ ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ ፍሬ ብቻ ናት፣ የኋላው ማነጣጠሪያ ያንተ አይን ነው። ሁለት እጅህን ወደፊት ዘርጋና መዳፎችህን አጋጥመህ መሃላቸው ትንሽ ቀዳዳ ስራ፣ ሁለቱንም አይንህን ገልጠህ በቀዳዳዋ ሩቅ ያለ ነገር እይ፣ ሱሉልታ ከሆንክ እንጦጦ ጫፍ ላይ አንድ ባህር ዛፍ ምረጥ። ከዛ እጅህን ሳታንቀሳቅስ ግራ አይንህን ጨፍን። ዛፏ ከጠፋች የሚመራህ ግራ አይንህ ነው፣ እሰየው። ካልጠፋች አይንህ የቀኝ ነው ማለት ነው፣ ያኔ ነገሩ ይለያል።

ይሄን የምልህ ዝም ብዬ አይደለም። አንድ ሶሪያዊ ልጅ ነበር ግራኝ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ተኮሰ፣ ሁሌ ጥይቱ በሸክላዋ ቀኝ በኩል ያልፋል፣ ልጁ ሊያለቅስ ደረሰ፣ አባቱ ጠመንጃ ቀየረለት ያው ነው። አሰልጣኙ አይኑን ሲያየው የቀኝ ነው። መነጽሩ ላይ በቀኝ በኩል የጥፍር የምታህል ፕላስተር ለጠፈለት፣ በዛው ቀን ከ25 አስራ አንድ መታ። ጠመንጃው ምንም ችግር አልነበረበትም።

አይንህ የግራ ከሆነ ግን "ለግራኝ" የሚል የተጻፈበት ጠመንጃ ፍለጋ አትድከም። ሁለት አፈሙዝ አንዱ በአንዱ ላይ የተነባበረ፣ ኦቨር አንደር የሚሉትን ግዛ። እሱ ከመሃሉ ተሰብሮ ነው የሚከፈተው፣ ቀለሁ ወደ ኋላ ነው የሚወጣው እንጂ ወደ ጎን የሚተፋው ነገር የለም፣ ረከስ ያሉት ደግሞ ቀለሁን ከፍ ያደርጉልሃል አንተ በእጅህ ታወጣዋለህ። ሴፍቲው አናቱ ላይ አውራ ጣትህ ስር ነው፣ ለግራም ለቀኝም እኩል ነው። መክፈቻዋ ምላስ ወደ ቀኝ ነው የምትሄደው፣ በግራ አውራ ጣት መጀመሪያ ትንሽ ታስቸግራለች ትለምዳታለህ።

ተጠንቅቀህ ማየት ያለብህ ሰደፉን ነው። ብዙዎቹ ሰደፋቸው ለቀኝ እጅ ሰው ተብሎ በጣም ትንሽ ወደ ቀኝ ዘንበል ያለ ነው፣ አይን ላይ አይታይም፣ ግን አንተ በግራ ስትይዘው ከአይንህ ይሸሽና አንገትህን አጣመህ ልትደርስበት ስትሞክር ጉንጭህን ይመታሃል። ያንተ መበለዝ ከዛ ይመስለኛል። ቀጥ ያለ ሰደፍ ያለውን ፈልግ።

የሰንዳፋ ልጅ፦
ወንድሜ እኔም ግራኝ ነኝ፣ አሜሪካ 11 ዓመቴ ነው አሁን እናቴን ልጠይቅ መጥቼ ሰንዳፋ ነኝ፣ ጥያቄህን ሳይ ደስ አለኝ ምክንያቱም እኔም እንዳንተ ተንከራትቼበታለሁ። ቡራዩ ያለው ወንድማችን ያለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ የገዛሁት ያገለገለ ባለ 12 ጌጅ (ጌጅ የአፈሙዙ ስፋት መለኪያ ነው) የቱርክ ኦቨር አንደር ነው፣ 480 ዶላር፣ ሰደፉ ቀጥ ያለ ነበር ብዬ ነው የመረጥኩት፣ እስካሁን አብሮኝ ነው ስድስት ዓመቱ።

ሱቅ ስትሄድ እንዲህ አድርግ። ሻጩ ባዶ መሆኑን ከፍቶ ያሳይህ፣ አንተም ራስህ ሁለቱንም ጉድጓድ እይ፣ ወዴት ልያዘው ብለህ ጠይቀው፣ ከዛ አይንህን ጨፍነህ ትከሻህ ላይ አድርገው ጉንጭህን ሰደፉ ላይ አሳርፍ። አይንህን ስትገልጥ በአፈሙዙ ርዝመት ቀጥ ብለህ እያየህ ከሆነ ያንተ ነው። ጎኑን እያየህ ከሆነ ተወው፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ። እኔ እንዲህ እያልኩ አምስት ሱቅ ዞሬያለሁ፣ አንዱ ሻጭ ተሰላችቶ ፊቱን አጥቁሮብኝ ነበር፣ ግድ የለህም።

ኦቨር አንደር ካጣህ ባለ ፓምፕም፣ ከአፈሙዙ ስር ያለውን እጀታ በእጅህ እየሳብክ የምታጎርሰው፣ ይሆናል፣ ያገለገለ ከሆነ ረከስ ይላል። ሬሚንግተን 870 እና ሞስበርግ 500 ለግራኝ ተብለው በግራ የሚተፉ ተሰርተዋል፣ አሮጌዎቹ ገበያ ላይ አይጠፉም። ኢታካ 37 እና ብራውኒንግ ቢፒኤስ ደግሞ ቀለሁን ወደ ታች ነው የሚጥሉት፣ ስለዚ ግራ ቀኝ አይሉም። ፓምፑ ያለው ችግር ሁለት ሸክላ አከታትሎ ሲወጣ መሃል ላይ ስበህ ማጉረስ አለብህ፣ ለጀማሪ ያጣድፋል። አንድ አንድ ለሚወነጨፍባት ለትራፕ ግን በቂ ነው።

ደግሞ ስለ ጥይቱ ማንም አልነገረህም። ቀለል ያለውን፣ ውስጡ ያለው እርሳስ 24 ግራም የሚለውን ግዛ፣ ቢበዛ 28። እኔ መጀመሪያ ሳላውቅ ለአደን የሚሆን ከባዱን ገዝቼ ትከሻዬ ጠቁሮ ለሳምንት ቦርሳ መያዝ አቅቶኝ ነበር። ጠመንጃውም በጣም ቀላል አይሁን፣ ሱቅ ውስጥ ቀላሉ ደስ ይላል ሜዳ ላይ ግን እሱ ነው የሚራገጠው። ከ700ው ላይ መቶ ሃምሳውን ለጥይት፣ ለመነጽርና ለጆሮ መከላከያ አስቀምጥ፣ አንድ ዙር 25 ጥይት ነው፣ ቅዳሜ ሦስት ዙር ከተኮስክ 75 በላህ ማለት ነው። ግሪን ካርድ ስላለህ መግዛት ትችላለህ፣ በጉብኝት ቪዛ ቢሆን ግን እንዲህ ቀላል አልነበረም፣ ካርድህንና አድራሻህ ያለበትን መታወቂያ ይዘህ ሂድ።

ለገጣፎ፦
ለምን ገዝቶ ይዞት አይመጣም? እዚህ ሜዳ ሞልቶ፣ ሱሉልታ ሰፊ ነው ማሽኑንም አብሮ ቢያመጣ እኛም እንማር ነበር

ቡራዩ፦
ወንድም ዓለም እንዲህ አይነት ነገር እንዳትመክር፣ ሰው ሰምቶ ያደርገዋል። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፣ ያለ ፈቃድ ጠመንጃ መያዝም ወደ አገር ማስገባትም ወንጀል ነው፣ ለስፖርት ነው ብለህ አታመልጥም። የአንድ ሰው ሙሉ ህይወት በኤርፖርት ፍተሻ ሊበላሽ ይችላል። እዛው ወንድሙ ቤት ቆልፎ ያስቀምጥ።

አናጢው ከሰበታ፦
እኔ ሸክላ ተኩስ አላውቅም፣ እንጨት ነው የማውቀው፣ ግን ስለ ግራኝ ሲወራ አያቴን አስታወሳችሁኝ። አያቴ ግራኝ ነበሩ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ምንሽራቸውን በግራ ትከሻቸው አድርገው ነው የሚተኩሱት፣ ቃታው (ለማጉረስ የሚሳበው) ግን በቀኝ በኩል ነው። ታዲያ አንዴ ተኩሰው ግራ እጃቸውን በጠመንጃው አናት ላይ አሻግረው ነበር የሚያጎርሱት፣ ከዛ እጅ መመላለስ የተነሳ ሰደፉ አንገት ላይ ያለው እንጨት በአንድ ጎኑ ብቻ ተልጦ እንደ መስታወት ያበራ ነበር፣ በልጅነቴ ጣቴን እያስኬድኩበት እጫወት ነበር። ማንም ግን በቀኝ ተኩሱ ብሏቸው አያውቅም።

አሁን ወደ ሰደፉ፣ ወንድሜ ሰደፉ ጉንጭህን ስለመታህ ብቻ ማንም ላጥ አድርጎ እንዲቀንሰው አትፍቀድ። ያየሁት ነው እንጨት አንዴ ከላጥከው አይመለስም። ዋልነት የሚባለው የሰደፍ እንጨት በሙቀት ይታጠፋል፣ ጠመንጃ ጠጋኞች በጋለ ዘይት ወይም በመብራት ሙቀት አሙቀው ቀስ ብለው ወደ ግራ ያዘነብሉታል፣ እኛም ለወንበር ድጋፍ እንጨት ስናጎብጥ ያው ነው ስራው። ሰደፉ ፕላስቲክ ከሆነ ግን አይታጠፍም፣ እሱን ቀድመህ ጠይቅ። አንዳንዶቹ ደግሞ ሰደፉና ብረቱ መጋጠሚያ ላይ የሚገባ ስስ ማስተካከያ አብሯቸው ይመጣል ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ቡራዩ ያለው ልጅ ያረጋግጥልን።

ቡራዩ፦
ልክ ነው ጋሼ፣ ግን እሱ በብዛት አውቶማቲኮቹ ላይ ነው ያለው። ኦቨር አንደር ከሆነ እርስዎ እንዳሉት ማሳጠፍ ነው።

ግራኙ ከሱሉልታ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እንዲህ ያለ መልስ አልጠበኩም ነበር። ዛሬ ጠዋት ጉሙ ሲገፈፍ ደጅ ወጥቼ ቀዳዳዋን ሰርቼ አየሁ፣ ግራ አይኔን ስጨፍን ዛፉ ብን ብሎ ጠፋ፣ ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት ያው ነው። ሚስቴም ሞከረች፣ እሷ ቀኝ እጅ ሆና አይኗ የግራ ነው፣ ገርሟታል።

ወንድሜ ጋ ደውዬ ያላችሁትን ሁሉ ነገርኩት። እሱ ሰፈር አንድ ሱቅ ያገለገለ ኦቨር አንደር አለ፣ 12 ጌጅ፣ ሰደፉ ዋልነት ነው፣ 560 ዶላር። በቪዲዮ አሳየኝ፣ ከኋላ ሲታይ ሰደፉ ቀጥ ያለ ነው የሚመስለው፣ ግን እጅ የሚጨብጠው ቦታ ላይ በቀኝ ጎኑ እብጥ ያለ ነገር አለው። ይሄ ምንድነው? ችግር አለው?

ቡራዩ፦
እሱ የቀኝ እጅ መዳፍ እንዲሞላ ተብሎ የተሰራ ነው። አንተ በግራ ስትጨብጠው እብጠቱ በጣቶችህ በኩል ይመጣል፣ መዳፍህ ውስጥ ደግሞ ባዶ ይሆናል። አንዳንዱ ሰው አይሰማውም፣ አንዳንዱን ግን እጁን ያጣምመውና ምላጩን ሲስብ ጠመንጃውን አብሮ ይገፋዋል። በቪዲዮ አይታወቅም፣ ቀብድ እንዳይከፍል ንገረው። ጥር ላይ ደርሰህ በእጅህ ጨብጠው፣ እስከዛ ከተሸጠ ይሸጥ ሌላ ይመጣል።

የሰንዳፋ ልጅ፦
እኔም እንደሱ ነው የምለው። ደግሞ ከመግዛትህ በፊት ሜዳው ላይ የሚከራይ ኦቨር አንደር ካለ አንድ ዙር ተኩስበት፣ ብዙ ቦታ ያከራያሉ። እኔ የካቲት ላይ እመለሳለሁ፣ ያኔ ከ25 ስንት እንደመታህ እዚሁ ጻፍልን።